ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚቀረው ፋይል

ከኮምፒውተር ላይ አንድን ፕሮግራም ያስወገደ ሰው ሁሉም ነገር አብሮ የጠፋ ይመስለዋል። ዴቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ሥርዓቶች ላይ ግን የሚጠፋው የሚሠራው ክፍል ብቻ ነው፤ ሰው ያስተካከለው የቅንብር ፋይል ባለበት ይቆያል። ይህ ታስቦበት፣ በደንብ ተጽፎ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሠራበት የኖረ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን የሚያስከብረው ሶፍትዌር ዲፒኬጂ ይባላል። ብዙ ተጠቃሚ በስም የሚያውቀው ከላዩ ያለውን አፕትን ነው። አፕት ፓኬጁን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ታሽጎ የሚመጣበትን ጥቅል፣ ከኢንተርኔት ፈልጎ ያመጣል፤ ዲስኩ ላይ እጁን የሚያሳርፈው፣ የሚጭነውም የሚያነሣውም ግን ዲፒኬጂ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከባሕር ዳር ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት ከተሞች ሁኔታ ነው። መራዊ፣ ዱርቤቴ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ አለፍ ሲልም ፍኖተ ሰላም፤ በነዚህ ከተሞች ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ውስጥ ሰርቨር ካለ ጠንቅቆ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ዝውውር ሲያገኝ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ሲሄድ ወይም የተሻለ ደመወዝ ሲጠራው ማሽኑ ይቀራል። ርክክብ ቢደረግ እንኳ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የሞኒተሩ፣ የሲፒዩውና የኪቦርዱ ቁጥር ነው። ሰርቨሩ እንዴትና ለምን እንዲህ እንደተዋቀረ የሚናገር ሰነድ ካለ ያ ሰነድ የቅንብር ፋይሉ ራሱ ነው። ስለዚህ ዲስክ ለማጽዳት ተብሎ በአንድ ትእዛዝ የሚጠረገው ነገር ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ብቸኛ ማስታወሻ ነው ብዬ አምናለሁ።

በምሳሌ እንየው። መራዊ ላይ ሃያ ኮምፒውተር ያለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ አለ እንበል። የኢንተርኔት መስመሩ አንድ ነው፤ እሱም ቀጭን። የአይሲቲ መምህሩ መስመሩን ለማብቃቃት ስኩዊድ የተባለውን ፕሮግራም በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫነ። ስኩዊድ በተማሪዎቹ ኮምፒውተሮችና በኢንተርኔቱ መካከል ቆሞ ጥያቄያቸውን ይቀበላል፤ አንዴ የወረደውን ያስቀምጥና ሌላው ሲጠይቅ ከራሱ ይሰጣል። ይዞት የሚመጣው ቅንብር ግን ለዚህ ቤት የተሰፋ አይደለም። የወረደውን ዲስክ ላይ ማስቀመጡ ከመነሻው አልተከፈተም፤ ከ4 ሜጋባይት የሚበልጥ ፋይልም ቢመጣ አያስቀምጥም። መምህሩ ሁለቱንም ለወጠ። ከኡቡንቱ ማሻሻያዎች ብዙዎቹ ከዚያ መጠን ይበልጣሉና አንዱ ኮምፒውተር ያወረደውን የቀሩት ከስኩዊድ እንዲወስዱ ፈለገ። ቀጥሎ የላብራቶሪውን የኔትወርክ አድራሻዎች ጻፈ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ አደረገ፤ ፋይሉ ውስጥ ይህ 08:00 እና 17:00 ሆኖ ነው የሚገባው። በፈተና ሰሞን የሚዘጉ ገጾችን ዘረዘረ። ከአንዳንዱ መስመር አጠገብም ለምን እንደጻፈው ማስታወሻ ተወ።

ምጣድ ከገበያ ይገዛል፤ ቢሰበር ሌላ ይገዛል። በጎመን ዘር ታሽቶ፣ በእሳት ተፈትኖ፣ እንጀራ መያዙን እስኪተው ድረስ የተሟሸበት ልፋት ግን የቤቱ ነው፤ ከገበያ አይመጣም። ስኩዊድን ዛሬም ነገም ማውረድ ይቻላል፤ የመምህሩን ቅንብር ግን ከየትም ማውረድ አይቻልም። የዲፒኬጂ ሕግ መሠረቱ ይህ ልዩነት ነው፤ ከውጭ የመጣው ሌላ፣ እዚህ የተሠራው ሌላ።

በክብደትም ብናያቸው ልዩነቱ ይገርማል። የኡቡንቱ 24.04 የዴስክቶፕ መጫኛ ብቻውን ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። የሥርዓቱ ቅንብር በሙሉ የሚቀመጥበት ኢቲሲ የተባለው ፎልደር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሜጋባይት አያልፍም፤ ፎቶ ለመያዝ በሚያንስ ፍላሽ ላይ ይገባል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ አንድ ፓኬጅ እንደ ገና ማውረድ ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ሁሉም አይቶታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፓኬጁ በፍላሽ ከባሕር ዳር ሊመጣ ይችላል። የተጠረገው ቅንብር ግን ባሕር ዳርም የለም።

ይህ ሕግ ከየት መጣ? ዴቢያን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1993 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረው በኢያን መርዶክ ተመሠረተ። ዲፒኬጂ በ1994 መጀመሪያ ላይ ሲወጣ ቀላል ስክሪፕት ነበር፤ በዚያው ዓመት ኢያን ጃክሰን ዋናውን ክፍል በሲ ቋንቋ እንደ ገና ጻፈው። ኡቡንቱ በዴቢያን ላይ ተመሥርቶ በጥቅምት 2004 ሲወጣ ይህንኑ ሥርዓት ወረሰ፤ እስከ 2011 ድረስ በፖስታ በነፃ ይላኩ በነበሩት ሲዲዎች አማካይነትም ብዙ አገር ደረሰ። የዴቢያን ፓኬጅ አዘጋጆች የሚገዙበት ፖሊሲ የሚባል ሰነድ አለ። ምዕራፍ 10 ላይ ሕጉን ያስቀምጣል፤ የማሽኑ ባለቤት ያደረገው ለውጥ ፓኬጁ ሲሻሻል መጠበቅ አለበት፤ ፓኬጁ ሲወገድም ቅንብሩ መቆየት አለበት፤ የሚጠፋው ባለቤቱ ፈጽሞ ይጥፋ ብሎ ሲያዝዝ ብቻ ነው። ይህችን የመጨረሻ ትእዛዝ ፐርጅ ይሏታል። ተራው ማስወገጃ ሪሙቭ ያነሣል፤ ፐርጅ ከነሥሩ ይነቅላል።

ዲፒኬጂ የሰውን ሥራ ከፓኬጁ ሥራ እንዴት ይለያል? መልሱ ቀላልና ቆንጆ ነው። እያንዳንዱ ፓኬጅ ሲዘጋጅ ከፋይሎቹ ውስጥ የትኞቹ የቅንብር ፋይሎች እንደሆኑ የሚገልጽ ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ዲፒኬጂ ሲጭናቸው የእያንዳንዱን ፋይል ይዘት አስልቶ 32 ፊደልና ቁጥር ያለው የጣት አሻራ ያወጣለትና መዝገቡ ላይ ያሰፍረዋል። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል። ማሻሻያ ሲመጣ ሦስት አሻራዎች ይነጻጸራሉ፤ መጀመሪያ ሲጫን የነበረው፣ አሁን ዲስኩ ላይ ያለው፣ አዲሱ ፓኬጅ ይዞት የመጣው።

የመጀመሪያውና የአሁኑ አንድ ከሆኑ ሰው አልነካውም ማለት ነው፤ ዲፒኬጂ ምንም ሳይጠይቅ በአዲሱ ይተካዋል። ሰው ነክቶት አዘጋጆቹ ግን በአዲሱ ፓኬጅ ካልለወጡት የሰውየው ይጸናል፤ አሁንም ጥያቄ የለም። ሁለቱም ወገን ከለወጡት ግን ማሽኑ ፍርድ አይሰጥም። ሥራውን አቁሞ ይጠይቃል። የአዘጋጁን ልውሰድ፣ የአንተን ልተው፣ ልዩነታቸውን ላሳይህ፣ ወይስ ወጥተህ ራስህ ታያለህ? ዝም ብሎ ኢንተር ለሚጫን ሰው መልሱ የራሱን ፋይል ማቆየት ነው። የተሸነፈው ፋይልም አይጣልም። ባለቤቱ የራሱን ካቆየ የአዘጋጁ አዲስ ፋይል መጨረሻው ላይ «ዲፒኬጂ-ዲስት» የሚል ስም ተጨምሮበት ከጎኑ ይቀመጣል፤ አዲሱን ከወሰደ ደግሞ የራሱ አሮጌ ፋይል «ዲፒኬጂ-ኦልድ» ተብሎ ይቀራል።

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አማራጭ ይደረደራል፤ መብራት ሳይሄድ ሥራውን ለመጨረስ የሚጣደፍ ባለሙያ አዲስ ነገር ይሻላል ብሎ የአዘጋጁን ይመርጣል። በማግሥቱ የላብራቶሪው ኢንተርኔት ይቆማል። በዚህ ጊዜ ሰርቨሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ለመጫን ከመነሣት በፊት ኢቲሲ ውስጥ ገብቶ በኦልድ የሚያልቀውን ፋይል መፈለግ ይበቃል። አሮጌው ሥራ እዚያው አጠገቡ ነው። ልዩነቱን የሚያሳየውን አማራጭ መጀመሪያ የመጫን ልማድ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ፓኬጁ ሲወገድ የሚሆነውን ደግሞ እንመልከት። ዲፒኬጂ የፓኬጆቹን ዝርዝር ሲያሳይ በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ሁለት ፊደላት ይጽፋል። የመጀመሪያው ባለቤቱ የፈለገውን፣ ሁለተኛው አሁን ያለውን ሁኔታ ይናገራል። በደንብ የተጫነ ፓኬጅ አይ እና አይ ይሆናል። ተወግዶ ቅንብሩ የቀረ ፓኬጅ አር እና ሲ ይሆናል፤ እንዲወገድ ታዝዟል፣ የቅንብር ፋይሉ ግን አለ ማለት ነው። በትእዛዝ መስመር መሥራት የማይወድ ሰው ሲናፕቲክ በተባለው የመስኮት ፕሮግራም ውስጥ ቅንብራቸው የቀረ ፓኬጆችን ብቻ ለይቶ ማየት ይችላል። ዝርዝሩ ውስጥ የሚገቡት ፋይል የተረፈላቸው ብቻ አይደሉም። ፓኬጁ ፐርጅ ሲደረግ መሥራት ያለበት የመጨረሻ ስክሪፕት ካለው ያ ስክሪፕት ቀኑን እየጠበቀ ዲስኩ ላይ ይቆያል፤ ፓኬጁም አር ሲ ሆኖ ይቆጠራል።

ለዓመታት ያገለገለ የኡቡንቱ ማሽን ላይ ይህን ዝርዝር የከፈተ ሰው ረጅም ሰልፍ ያገኛል። አብዛኛው የድሮ ከርነል ነው። የሥርዓቱ ልብ የሆነው ከርነል በየጊዜው በአዲስ ቁጥር ይመጣል፤ አሮጌው ሲነሣ በመጨረሻ ስክሪፕቱ ምክንያት ስሙ መዝገብ ላይ ይቀራል። እነዚህን ፐርጅ ማድረግ ጉዳት የለውም፤ የሰው ሥራ የለባቸውም። ቦታ ግን ብዙም አያስለቅቅም፤ የቀረው ጥቂት ኪሎባይት ነው። ዲስክ ሞላብኝ ብሎ የተረፉ ቅንብሮችን ለመጥረግ የሚነሣ ሰው በተሳሳተ ቦታ እየፈለገ ነው። ዲስክ የሚሞላው በወረዱ የፓኬጅ ቅጂዎች፣ በሎግ ፋይሎችና በተጠቃሚዎች ቪዲዮ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዓት የሚያባክን አንድ ወጥመድ አለ። ባለሙያው ስኩዊድን ሲያስተካክል ፋይሉን አበላሸው እንበል። ንጹሑን መመለስ ፈልጎ ፋይሉን በእጁ ያጠፋዋል፤ ከዚያም ፓኬጁን እንደ ገና ይጭናል። ፕሮግራሙ ይመጣል፤ የቅንብር ፋይሉ ግን አይመጣም። እንደ ገና ያነሣል፣ እንደ ገና ይጭናል፤ አሁንም የለም። ዲፒኬጂ የፋይሉን መጥፋት እንደ ሰው ውሳኔ ስለሚቆጥር ነው። ባለቤቱ አጥፍቶታል፣ እኔ ምን አግብቶኝ እመልሰዋለሁ ይላል። አንዳንድ ፕሮግራም የቅንብር ፋይሉ አለመኖር ራሱ ትርጉም ስላለው ይህ ጥንቃቄ ትክክል ነው። መውጫው ሁለት ነው፤ ፐርጅ አድርጎ እንደ ገና መጫን፣ ወይም ሲጭን የጎደለውን የቅንብር ፋይል መልስ የሚለውን ፎርስ-ኮንፍሚስ የተባለ አማራጭ መስጠት። ሁለተኛው ይሻላል። ሌሎቹን የቅንብር ፋይሎች ሳይነካ የጎደለውን ብቻ ይሞላል።

የቀረ ፋይል ዝም ብሎ ተኝቶ የሚኖርበት ጊዜ አለ፤ ሥራ የሚያደናቅፍበትም ጊዜ አለ። በየሰዓቱ ወይም በየሌሊቱ የሚሠሩ ተግባራት የሚመዘገቡበት ፎልደር ውስጥ የቀረ ፋይል ፕሮግራሙ ባይኖርም በሰዓቱ ይጠራል። የዴቢያን ፖሊሲ ይህንን አስቀድሞ አይቶታል፤ እዚያ የሚቀመጥ ስክሪፕት ፕሮግራሙ መኖሩን አረጋግጦ ከሌለ በጸጥታ እንዲወጣ ይጠይቃል። ፓኬጅ አዘጋጅ የራሱ ፓኬጅ ተወግዶ ስክሪፕቱ ብቻውን የሚቀርበትን ቀን አስቦ ይጽፋል ማለት ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ከማደንቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የፓኬጅ ስም ሲለወጥም ችግር ይመጣል። ስኩዊድ ራሱ ለዓመታት ስኩዊድ 3 በሚል ስም ሲጫን ኖሮ በኋላ ቁጥሩ ተነሣለት፤ የቅንብር ፎልደሩም ስም አብሮ ተለወጠ። የድሮው ፎልደር ቀርቶ በሚገኝበት ማሽን ላይ አዲስ የመጣ ባለሙያ የማይሠራውን ፋይል ሲያስተካክል ሊውል ይችላል። ለውጡ ለምን አልሠራም የሚል ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ፕሮግራሙ የሚያነበው የትኛውን ፋይል ነው የሚለውን ነው።

ከሁሉም የከበደው ግን የዳታቤዝ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና ሪፖርቶችን ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ ሶፍትዌር መሰብሰብ ይዟል። የሶፍትዌሩን ልማት የሚመራው በኖርዌይ የሚገኘው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሶፍትዌሩ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠርም ያውቃል። አዘጋጆቹ የሚመክሩት በሊኑክስ ሰርቨር ላይ፣ ፖስትግሬስ ከተባለው ዳታቤዝ ጋር እንዲጫን ነው። ክትባት፣ ወሊድ፣ ወባ፤ ቁጥሩ ሁሉ የሚቀመጠው ፖስትግሬስ ውስጥ ነው።

ፖስትግሬስ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ እያንዳንዱን ትልቅ ስሪት እንደ ተለየ ፓኬጅ ያስቀምጣል። ኡቡንቱ 18.04 ከስሪት 10 ጋር መጣ፤ 20.04 ከ12፣ 22.04 ከ14፣ 24.04 ከ16 ጋር። አንድ ሰርቨር ከ18.04 ወደ 20.04 ሲሸጋገር ስሪት 12 አዲስ ሆኖ ከስሪት 10 ጎን ይጫናል። መረጃው በራሱ አይሻገርም፤ ሰው ማሻገሪያውን ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ በአሮጌው ስሪት ውስጥ ይቆያል። አዲሱ ባዶ ነው። ከዚህ በላይ ፖስትግሬስ እንደ ልማዱ የሚያዳምጠው በፖርት 5432 ነው። የአሮጌው ቅንብር ይህን ቁጥር ይዞ ስለሚገኝ አዲሱ 5433 ይሰጠዋል። የአሮጌው ፓኬጅ ተወግዶ ቅንብሩ ብቻ ቢቀር እንኳ ቁጥሩ እንደተያዘ ይቆጠራል። ወደ 5432 የሚደውል ፕሮግራም መልስ ያጣል፤ ባለሙያው ዳታቤዙ ተበላሸ ብሎ ይጨነቃል። ፋይሉን ቢያነብ ግን የሚያየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

አሁን ይህ ባለሙያ የማያስፈልጉ አሮጌ ፓኬጆች ይወገዱ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አዎ ብሏል እንበል። ስሪት 10 አር ሲ ሆኖ ተቀመጠ። መረጃው አሁንም ዲስኩ ላይ አለ፤ ምንም አልጠፋም። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ የተረፉ ቅንብሮችን በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ፐርጅ ያደርጋል። ፖስትግሬስ ሲነቀል አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ የመረጃ ፎልደሮቹም አብረው ይጥፉ? ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው መልስ አዎ ነው። ጥያቄዎች እንዳይቀርቡ ተደርጎ በሚሠራ ስክሪፕት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሳይጠየቅ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው መልስ ይፈጸማል። እንደ ድሮ ከርነሎቹ የማይረባ የሚመስል አንድ መስመር የጤና ጣቢያውን የዓመታት ሪፖርት ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ የአር ሲ ዝርዝርን በጅምላ ፐርጅ ማድረግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ስም በስም መነበብ አለበት። ከርነል ከሆነ ይሂድ። የማንም እጅ ያልነካው የዴስክቶፕ ጨዋታ ከሆነ ይሂድ። ዳታቤዝ፣ የኢሜይል ሰርቨር፣ የድረ ገጽ ሰርቨር፣ ፋይል ማጋሪያ ከሆነ መጀመሪያ ቅንብሩም መረጃውም ሌላ ቦታ ይቀዳ፤ ቅጂው መከፈቱም ይረጋገጥ።

ፐርጅ ራሱ የማይደርስባቸው ፋይሎችም አሉ። ዲፒኬጂ የሚያውቀው ፓኬጁ የዘረዘራቸውንና የፓኬጁ ስክሪፕት የሚከታተላቸውን ብቻ ነው። ዲኤችአይኤስ 2 ከኡቡንቱ ማከማቻ የሚመጣ ፓኬጅ ስላልሆነ ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው የቅንብር ፋይሉ የዲፒኬጂ መዝገብ ውስጥ የለም። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚይዘው እሱ ነው። መረጃ የሚመሰጠርበት ቢያንስ 24 ፊደል ያለው ቃልም እዚያው ይገባል፤ ያ ቃል ከጠፋ የተመሰጠረው ክፍል ዳታቤዙ በሰላም ቢኖርም አይከፈትም። የዘመን አቆጣጠሩ ምርጫ ደግሞ ፋይል ውስጥ የለም፤ ዳታቤዙ ውስጥ ነው። እንግዲህ የአንድ ሥርዓት ቅንብር በሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ይገኛል፤ በኢቲሲ፣ ከኢቲሲ ውጭ በተቀመጠ ፋይል፣ በዳታቤዝ። አንዱን ቀድቶ ሁሉንም ቀዳሁ ማለት አይቻልም።

የየተጠቃሚው የግል ምርጫም በሆም ፎልደሩ ውስጥ ባሉ ስውር ፋይሎች ይቀመጣል፤ ፐርጅ አይነካቸውም። በኡቡንቱ ዴስክቶፕ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው የመረጠው የኪቦርድ ዘዴ እዚያ ይኖራል። የመጻፊያው ፕሮግራም ከነሥሩ ተነቅሎ እንደ ገና ቢጫን ሰውየው ምርጫውን እንደነበረ ያገኘዋል። በአንጻሩ ችግሩ የግል ቅንብሩ ውስጥ ከሆነ ፕሮግራሙን አሥር ጊዜ ፐርጅ ማድረግ አይፈውሰውም። በጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች «ነቅዬ ጫንኩት፣ ያው ነው» ሲባል ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። በሌላ ተጠቃሚ ስም ገብቶ መሞከር ወዲያው ይለየዋል።

ሌሎች ሥርዓቶች ይህንኑ ጉዳይ በየራሳቸው መንገድ ፈትተውታል። ሬድሃትና ፌዶራ የሚጠቀሙበት አርፒኤም ሲያነሣ ሰው ያልነካውን ቅንብር ያጠፋል፤ የነካውን ግን «አርፒኤም-ሴቭ» የሚል ቅጥያ ሰጥቶ ያስቀምጣል። በማሻሻል ጊዜ አይጠይቅም፤ እንዳይተካ የታዘዘ ፋይል ከሆነ አዲሱን «አርፒኤም-ኒው» ብሎ ከጎን ይተወዋል፤ ባለቤቱ በኋላ ፈልጎ ያስታርቃቸው። አርች ሊኑክስም ከዚህ የሚቀራረብ ልማድ አለው። ለእኔ የዲፒኬጂ መንገድ ይበልጥብኛል። ጥያቄው ሥራውን ቢያዘገይም ለውጡ በመጣበት ሰዓት፣ ሰውየው ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ሳለ ይጠየቃል። በኋላ ፈልገህ አስታርቅ የተባለ ፋይል ሳይታረቅ ለዓመታት ይቀራል። በዊንዶውስ ላይ ደግሞ የተወገደ ፕሮግራም ሬጅስትሪ በተባለው መዝገብና በተጠቃሚው ፎልደሮች ውስጥ የሚተወውን የሚወስነው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ሬጅስትሪ እናጸዳለን የሚሉ ፕሮግራሞች በኮምፒውተር ጥገና ቤቶች በሰፊው ይጫናሉ፤ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ያሉትን እንደማይደግፍ በይፋ ተናግሯል።

እስካሁን ስለ ማቆየት ነው የተናገርኩት። ያለ ማመንታት መጥፋት ያለበት ጊዜም አለ፤ እሱም ማሽኑ እጅ ሲለውጥ ነው። ያገለገሉ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች በጨረታ ይሸጣሉ፣ ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣሉ። ፕሮግራሞቹ ተወግደው ቅንብራቸው ከቀረ የዋይፋይ የይለፍ ቃል፣ የዳታቤዝ የይለፍ ቃል፣ የሌሎች ሰርቨሮች አድራሻ በግልጽ ጽሑፍ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። እዚህ ላይ ፐርጅም አይበቃም። ፋይል መሰረዝ በዲስኩ ላይ የተጻፈውን ወዲያው አያጠፋውም፤ ሆም ፎልደሮችንም እንዳየነው ፐርጅ አይነካም። የሚያስፈልገው ቀድቶ ማስቀረት የሚገባው ከተቀዳ በኋላ ዲስኩን በሙሉ በላዩ ጽፎ ማጥፋት፣ ከዚያም ሥርዓቱን ከአዲስ መጫን ነው።

ባለሙያ ዝውውር ሲደርሰው ሊሠራው የሚችል፣ ብዙ ጊዜ የማይወስድ ነገር አለ። ጆይ ሄስ የተባለ የዴቢያን አባል የነበረ ፕሮግራመር ኢቲሲኪፐር የሚባል መሣሪያ ሠርቷል። ኢቲሲ ፎልደርን ጊት በተባለው የለውጥ መዝጋቢ ውስጥ ያስገባና አፕት ፓኬጅ በጫነና ባነሣ ቁጥር የተለወጠውን ከነቀኑ ይመዘግባል። በእጅ ለሚደረግ ለውጥም ባለሙያው ምክንያቱን በአንድ መስመር መጻፍ ይችላል። በእንግሊዝኛ መሆን የለበትም፤ ጊት አማርኛን ያለ ችግር ይቀበላል። «የ12ኛ ክፍል ፈተና እስኪያልቅ ቪዲዮ ተዘግቷል፤ ሲያልቅ ይከፈት» የሚል አንድ መስመር ከወራት በኋላ ለሚመጣው ሰው ከማንኛውም መመሪያ ይበልጣል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ሁሉም ነገር እዚያው ማሽን ላይ ይቀመጣል።

ኢቲሲኪፐር ያልተጫነበት ማሽን ላይ ኢቲሲን በሙሉ፣ የተጫኑትን ፓኬጆች ዝርዝርና ከኢቲሲ ውጭ ያሉትን የቅንብር ፋይሎች በአንድ ላይ ጨምቆ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ይቻላል። ዳታቤዝ ካለ በራሱ መቅጃ ትእዛዝ ለብቻው ይቀዳል፤ ፎልደሩን መገልበጥ አይበቃም። በርክክብ ቅጹ ላይም ከኪቦርዱ ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨመር፤ የሰርቨር ቅንብር ቅጂ፣ የተቀዳበት ቀን፣ የተረካቢ ፊርማ። ፍላሹ የመሥሪያ ቤቱን የይለፍ ቃሎች ስለሚይዝ በማንም ኪስ መዞር የለበትም፤ ማኅተሙ በሚቆለፍበት ካዝና ውስጥ ይቀመጥ።